አባባ ያዩት ፊልም

አንድን ፊልም ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ መጀመሪያ ደራ፣ በአባባ ቴሌቪዥን፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ አዳማ፣ ሲኒማ ቤት ገብቼ። ፊልምን ቤት ውስጥ ማየትና ሲኒማ ገብቶ ማየት ልዩነቱ ምን እንደሆነ አሁን ለጠየቀኝ ሁሉ ማስረዳት እችላለሁ። ጉዳዩ በእርግጥ ለሚመለከታቸው ለአንድ ሰው ግን ማስረዳት አልቻልኩም።

ፊልሙ ላይ የምትሠራው ታናሽ እህቴ ናት። ከዚያ በፊት በሁለት ፊልሞች ታይታለች፤ በአንዱ ሻይ አቅርባ ትወጣለች፣ በሌላው ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች። በዚህኛው ዋናዋ እሷ ናት።

እናታችን የሞተችው እህቴ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ ያሳደጉን አባባ ናቸው። አባባ ባለጋሪ ናቸው፤ ከደራ ገበያ እስከ አስፋልቱ ሰውና እህል ያመላልሳሉ። እህቴን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሷት በዚያው ጋሪ ነበር፤ ጋሪው በተሳፋሪ ቢሞላም የእሷ ቦታ ከጎናቸው ነው፣ ማንም አይነካውም። ተዋናይ እሆናለሁ ብላ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አልተቆጡም። «ሥራ ነው?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። ሥራ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ትሥራ» አሉ።

ፊልሙ አዳማ ሊገባ ሲል ደወለችልኝ። እኔ አዳማ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ፤ ደራ ቅርቤ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ በዘጠኝ ሰዓት እንደሚታይ፣ እሷም ከአዲስ አበባ እንደምትመጣ፣ የእኔ ድርሻ አባባን ይዞ መምጣት ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። አባባ በዕድሜያቸው ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም። አጠገባቸው ልትቀመጥ ነው፤ ፊልሙን ሳይሆን እሳቸውን ልታይ። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን አስጠነቀቀችኝ፤

«ምንም እንዳታስረዳቸው። እኔ አውቅሃለሁ። ዝም ብለህ አምጣቸው።»

እሺ አልኩ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። ታሪኩን አስቀድማ ነግራኛለች። አንዲት የገጠር ልጅ ከአዲስ አበባ ሀብታም ቤት ልትዳር ነው፤ አባቴ ውጭ አገር ነው ብላ ዋሽታለች። ሠርጉ ሲቃረብ አባትየው ጭቃ በጠገበ ጫማቸው፣ አውራ ዶሮ ታቅፈው፣ ከግቢው በር ይደርሳሉ። ዘበኛው ይጠራታል። ታያቸዋለች፤ አይታም «እኚህን ሰው አላውቃቸውም» ትላለች። መጨረሻ ላይ ግን ከሠርጉ መሀል ተነሥታ መናኸሪያ ትሄዳለች፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝተው ታገኛቸዋለች፣ እጃቸውን ይዛ እንግዳው ሁሉ ፊት ታቆማቸዋለች።

አባባ ያንን የበሩን ነገር በሰው መሀል፣ እሷን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ድንገት ሲያዩት ታየኝና ደነገጥኩ። እኔ ያለ መግቢያ ምዕራፍ ጀምሬ አላውቅም። ከባድ ነገር ሊመጣ ሲል ተማሪውን አዘጋጃለሁ። ስለዚህ ወረቀት አውጥቼ ሦስት ነጥብ ጻፍኩ፤ አንደኛ፣ ተዋናይ ማለት ምን ማለት ነው፤ ሁለተኛ፣ ታሪኩ ባጭሩ፤ ሦስተኛ፣ የበሩን ትዕይንት እያቆሙ ማብራራት። ለሦስተኛው ፊልሙ ራሱ ያስፈልገኝ ነበር።

መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግን፣ ፊልምም በፍላሽ የሚጭን ሱቅ አለ። አዲስ ፊልም ገና ከሲኒማ ሳይወርድ እዚያ ይደርሳል። አንዱ አዲስ አበባ ሲኒማ ውስጥ ተቀምጦ በስልኩ ይቀርጸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይሄዳል። ይህ የሰው ድካም መስረቅ እንደሆነ በየዓመቱ አስተምራለሁ። በዚያ ቀን የተሰረቀው የገዛ እህቴ ድካም ነበር። ለበጎ ነው አልኩና አስጫንኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደራ ስደርስ አባባ ብቻቸውን አልነበሩም። ሁለት ባለጋሪ ጓደኞቻቸው ልጅቷን እናያለን ብለው ከእኔ ቀድመው ተቀምጠዋል። ፍላሹን ሰካሁና ወረቀቴን ይዤ ቆምኩ። ተዋናይ ማለት የራሱን ሳይሆን የሌላ ሰውን ሕይወት የሚያሳይ ባለሙያ ነው ብዬ ጀመርኩ። ከባለጋሪዎቹ አንዱ እግሩን እየዘረጋ፣ «መምህር፣ ይሄን ለፈተና አቆየው። ልጅቷ ጋ ሂድ» አለኝ። አባባም ሳቁ።

ቤት ውስጥ ፊልም የሚታየው እንዲህ ነው፤ የራስ ሰው ያለበትን ፈልጎ፣ ሌላውን ዘሎ። ወደፊት አስሮጥኩት። አለፈኝ። መለስኩት። ስለቀው እህቴ በሩ ላይ ቆማለች። ያ ራሱ በሩ ነበር። ሪሞቱን አንሥቼ ላቆመው ስል አባባ እጄን ያዙኝ።

«ተው፣ እንያት። ከስታለች» አሉ። ፊታቸው ሁሉ ፈገግ ብሎ ነበር።

ያኔ አለችው። «እኚህን ሰው አላውቃቸውም።»

ወዲያው ሳቅ ፈነዳ። እኛ አይደለንም የሳቅነው፤ ሲኒማ ቤት ውስጥ የነበሩት የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፤ ሳቃቸው አብሮ ተቀርጿል። የቀረጸው ሰው ፊት ለፊቱ ረጅም ሰው ተቀምጦበት ስለነበር የስክሪኑ ቀኝ በጥቁር ጭንቅላት ተሸፍኗል። ለእኛ የሚታየው የእህቴ ፊትና የሽማግሌው ፊት ብቻ ነው። ሽማግሌው ቆመዋል፣ እሷ ፊቷን አዙራለች፣ ሕዝቡ በሳቅ ያውካካል።

አባባ፣ «ምንድን ነው የሚያስቃቸው?» አሉኝ።

አላወቅኩም። ኮሜዲ ነው አልኳቸው።

«ሽማግሌው ናቸው?»

አይደለም አልኩ። ጥቂት ደቂቃ እንደሄደ ምስሉ ተንጋደደ፣ ወለል ታየ፣ የሰው ጫማ ታየ፣ ከዚያ ጨለመ። ፍላሹ ላይ ያለው ይህን ያህል ብቻ ነበር። እኔ ቆሜ መጨረሻውን በቃሌ ተረክሁ፤ መናኸሪያውን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ እጃቸውን ይዛ መግባቷን። አባባ በጥሞና ሰሙኝ። «አንተ አይተኸዋል?» አሉ። ነግራኝ ነው አልኩ። «እህ» አሉና ለፈረሱ ውኃ ሊያጠጡ ወጡ።

ሐሙስ ትምህርት እንዳለቀ ተመልሼ ሄድኩ። ደራ ገበያው ዳር ጋሪዎቹ በሚቆሙበት አገኘኋቸው። ገና ከሩቅ አንዱ ባለጋሪ «አካም ኦልተኒ» ብሎ በኦሮምኛ እንዴት ዋልክ ሲለው፣ የተጠየቀው ጓደኛው «እኚህን ሰው አላውቃቸውም» ብሎ ሲመልስለት ሰማሁ። ሁሉም ሳቀ። አባባም ሳቁ። ቅዳሜ ቤታችን ከነበሩት አንዱ ነው የጀመረው፤ በአምስት ቀን ውስጥ የመቆሚያው ሰላምታ ሆኗል። ክፋት የለበትም፤ ባለጋሪ እንዲህ ነው የሚጫወተው። አንዱማ እኔን ሲያይ ወደ አባባ ዞሮ፣ «ኧረ እኔስ አውቅዎታለሁ ጋሼ፣ ባይሆን እኔ ልጅ ልሁንዎት» አላቸው። አባባ በጅራፋቸው እጀታ ትከሻውን መታ አደረጉት።

ወደ ቤት ስንሄድ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። ፈረሱን እያዩ፣ «ልቧ ውስጥ ባይኖር ከየት አመጣችው?» አሉ።

ድርሰቱን የጻፈው ሌላ ሰው እንደሆነ፣ ተናገሪ የተባለችውን እንደተናገረች አስረዳሁ። አቋረጡኝ።

«አዲስ አበባ ሰው አባትሽ ምን ይሠራሉ ሲላት ምን ትላለች?»

«ባለጋሪ ናቸው ትላለቻ!» አልኩ። ቸኩዬ ነው የመለስኩት።

«ሰምተሃታል?»

አልሰማኋትም። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቄያትም አላውቅም።

«ጠይቃት» አሉ አባባ።

እሑድ ጠዋት ልመጣ ነው ብዬ ስደውልላቸው ፈረሱን አሞታል አሉኝ። ፈረሱ ሐሙስ እኔን ጭኖ በሶምሶማ ሲሮጥ ምንም አልነበረበትም። ለመንኳቸው፤ ለእሷ ሰላም በልልኝ ብለው ዘጉት።

እህቴ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ቆማ ነበር። ከኋላዬ ሰው ፈለገች። ፈረሱን አሞት ነው አልኳት። ሦስት ወንበር ይዛ ስለነበር መሀለኛው ባዶ ቀረ፤ ሁለታችንም ግራና ቀኝ ተቀመጥን፣ ማናችንም ወደ መሀል አልተጠጋንም።

አዳራሹ ግማሹ እንኳ አልሞላም። ብዙው ሰው ቤቱ አይቶታል መሰለኝ። የበሩ ትዕይንት ሲደርስ እህቴ አፏን ሳትከፍት ከኋላችን አንድ ጎረምሳ ቀድሟት፣ «እኚህን ሰው አላውቃቸውም» አለ፤ ጓደኞቹ አብረውት አሉት። እህቴ ዞር ብላ አየቻቸው፤ አላወቋትም። ስክሪኑ ላይ ደግሞ አውራ ዶሮው ከሽማግሌው እቅፍ አምልጦ ዘበኛውን ሲያሳድደው፣ ዘበኛው ዱላውን ጥሎ የጥበቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሲወጣ አየሁ። በስክሪኑ ቀኝ በኩል ነበር፤ ያ ጭንቅላት በሸፈነው በኩል። አዳማም እንደ አዲስ አበባ ሳቀ። ሰው የሳቀው በዶሮውና በዘበኛው ነበር። ያን ሰዓት ተነሥቼ ደራ ድረስ ብሮጥ በወደድኩ።

ከዚያ መናኸሪያው መጣ። የሚያወራ ጠፋ። ጎረምሶቹም ዝም አሉ፤ እዚህ ድረስ አላዩትማ። ሲኒማ ውስጥ ማንም አያቆመውም፣ ማንም አይዘለውም፣ ማንም ቆሞ አያስረዳም። እህቴ ፊልሙን አላየችም። ባዶውን ወንበር ነበር የምታየው።

ስንወጣ ጭማቂ ቤት ገባንና ሁሉንም ነገርኳት፤ ፍላሹን፣ ወረቀቴን፣ ጭንቅላቱን፣ ሐሙስን። ብርጭቆዋን ሳትነካ ሰማችኝ።

«ግማሹን ነው ያሳየሃቸው?»

«እዚያ ላይ ያልቃል።»

«መምህር አይደለህ? ግማሽ ምዕራፍ አስተምረህ ትፈትናለህ?»

የአባባንም ጥያቄ እንዳለ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም፤ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ጭማቂ በጣቷ ወዲያ ወዲህ አደረገችው።

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለች። ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ቢጠይቁኝ ምን እንደምል እኔም አላውቅም።»

በማግሥቱ ቀረጻ ስለነበራት ደራ መሄድ አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ለአባባ ትደውላለች። ፈረሱ ዳነ ወይ ትላለች። ዳነ ይላሉ። ዝናብ አለ ወይ ትላለች። አለ ይላሉ። ፊልም የሚባል ቃል በመካከላቸው አይነሣም። እኔ ደራ ባለሁበት ቀን ስልኩን በድምፅ ማጉያ ያደርጉታል፤ ሁለቱንም እየሰማሁ መሀላቸው እቀመጣለሁ።

ክረምት ሲገባ ፊልሙ ሙሉው፣ ጥርት ብሎ፣ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው የለቀቁት። ስልኬ ላይ አውርጄ በዚያው ቅዳሜ ደራ ገባሁ። አባባ በረንዳው ላይ የፈረሱን የቆዳ ማሰሪያ በመርፌ እየጠገኑ ነበር፤ ውጭ ይዘንባል።

«አባባ፣ ይኸው ሙሉው» አልኳቸው። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። የተሸፈነም የለበት።»

ስልኩን ተቀብለው ከዓይናቸው አራቁት፤ የእህቴ ፎቶ ነበረበት። ጥቂት አይተውት መለሱልኝ።

«አይቼዋለሁ እኮ» አሉ።

ያዩት ግማሹን እንደሆነ አስረዳሁ። ሳቁ በዶሮውና በዘበኛው እንደነበር፣ ዶሮው በየት በኩል እንደወጣ፣ ዘበኛው እንዴት እንደዘለለ፣ መናኸሪያው ላይ አዳራሹ እንዴት ጸጥ እንዳለ፣ ሁሉንም በተራ በተራ። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም። ተማሪ ሳይገባው ሲቀር ጥያቄ ይጠይቃል፤ ገብቶት ሳይቀበለው ሲቀር ግን እንዲህ በትሕትና ዝም ይላል። ስጨርስ ማሰሪያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ጠየቅካት?»

ሦስት ወር ሙሉ ይህን ስሸሽ ነበር። «ጠየቅኳት» አልኩ።

«ምን አለች?»

«ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነው ያለችው።» ከዚያ ቀጥላ ያለችውን አልነገርኳቸውም።

ደራ ውስጥ ሰው አዲስ ፊት ሲያይ ከስሙ በፊት የማን ልጅ ነህ ይላል። «እዚያ ሰው የማን ልጅ ነሽ አይልም?» አሉኝ።

«አይልም አባባ።»

መርፌውን አነሡ፤ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«እንግዲህ የጠየቋት ቀን ይታያል» አሉ።

ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። የሚወጉት ቆዳ ጠንካራ ስለነበር ጫፉን ያዝልኝ አሉኝ፤ ያዝኩላቸው።