ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ

ፖሊሶች የወሰዱኝ ከማስተማሪያ ክፍሌ ነው፤ እጄ ላይ ጠመኔ ነበር። አሰላ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኝ ነበር። ያስገቡኝ የእስር ክፍል ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነው። የጭላሎ ተራራ ብርድ በተሰበረው መስኮት ይገባል፤ ጥግ ያለው ባልዲ ይሸታል።

ከጎኔ የጎበሳ ገበሬ የሆኑ አዛውንት ነበሩ። ከልጃቸው ጋር ተይዘው ልጁን ለብቻው አስቀምጠውታል። በማግስቱ ጠዋት ደረታቸውን ይዘው ሲወድቁ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው፤ ከሰዓት መለሷቸው።

«መምህር፣ ሐኪሙ ለፖሊሱ ‹አንግዛይቲ› አለው። ይገድላል እንዴ?»

«አይገድልም አባባ። ጭንቀት ማለት ነው። ልብዎ ደህና ነው።»

«ያዶ?» አሉ በኦሮምኛ። «እሱማ ልጅ ያለው ሁሉ አለበት። ፈረንጆቹ መቼ ነው የሚሉት?»

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምሳሌ ፈተና ስለደረሰበት ልጅ ነበር። እሱን ለሳቸው ለመንገር አፈርኩ።

«ፍርሃት ፊት ለፊት ላለ ነገር ነው። ይሄ ግን ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ ሲጠብቁ ነው።»

ያኔ ከግድግዳው ማዶ ልጃቸው ጮኸ። አዛውንቱ ስለ ቃሉ ደግመው አልጠየቁኝም።

ብዙም ሳይቆይ መርማሪው ወረቀት ይዞ ገባ።

«ጎረቤታችሁ መሣሪያ እንደደበቀ ልጅህ ተናግሯል። አንተም ፈርምና ልጅህን ይዘህ ቤትህ ግባ።»

ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል።

«ልጄ ሲጮህ ነው የሰማሁት፤ ሲናገር አልሰማሁም። ያላየሁትን አልፈርምም።»

መርማሪው በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። የሶላት ሰዓት ደርሶ ነበር። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ጃኬቴን አውልቄ እርጥቡ ወለል ላይ አነጠፍኩላቸው። ቢወድቁ ልይዛቸው አጠገባቸው ቆምኩ። አልወደቁም።

በኋላ ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዷቸው። እዚያው አረፉ።

ልጃቸውን ያገኘሁት አምና፣ አሰላ መናኸሪያ ውስጥ ነው። ያወቀኝ እሱ ነው። አገር ምድሩ ‹አባትህ ጀግና ነበር፣ ፍርሃት የሚባል አያውቅም› ይለዋል።

«አንተ አብረኸው ነበርክ። እውነት አልፈራም?»

ልዋሽ ቃጣኝ።

«ፈርተዋል። እምቢ ያሉት እየተንቀጠቀጡ ነው።»

«እኔም ከግድግዳው ማዶ እንቀጠቀጥ ነበር» አለ።

የጎበሳው አውቶቡስ እስኪሞላ አብረን ቆምን። ዛሬ ሳስበው፣ እውነቱን መስማት ከጀግንነቱ ወሬ ይልቅ ወደ አባቱ ያቀረበው ይመስለኛል።