ቋሊማ የሌለበት ካልዶ

ትናንት ልጄ ዋይት ሲቲ ያለው ትልቁ የገበያ አዳራሽ ይዛኝ ገባች። እግሬን ላሳርፍ ቁጭ ስል ሾርባ በወረቀት ኩባያ ገዝታ አመጣችልኝ። ክዳኑን ብከፍተው የተቀቀለ ጎመንና የነጭ ሽንኩርት ሽታ ፊቴን መታኝ። ኩባያው ላይ የተጻፈውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። እኔ የእንግሊዙን ፊደል የለየሁት ከአውቶቡስ ግንባር ላይ ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። "ካልዶ" ይላል። ኩባያውን ከፊቴ ገፋ አደረግኩት።

"አባዬ፣ አር ዩ ኦኬ? አልጣፈጠህም እንዴ?"

"ተናድጄ ነው።"

"በሾርባ?" ብላ ሳቀች።

ለሷ ብነግራት "ያለፈ ነገር ነው፣ ተወው" ትለኛለች። ልቤን ቼክ የሚያደርገው ሐኪምም አትናደድ ይለኛል። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። ላንተ ልንገርህ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ቆይቶ ነው። ጉልበት ነበረኝ፣ ፀጉሬም ገና ጥቁር ነበር። እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ኬኒንግተን አጠገብ፣ ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ የሚያበስል ኩሽና ውስጥ ድስት አጣቢ ነበርኩ። ኩሽናው ምድር ቤት ነው። ከጣራው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የሚታየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንፋሎት፣ የስብ ሽታ፣ የድስት ኳኳታ። አንዲት የፖርቱጋል ሴትዮ አትክልት ትልጥ ነበር፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ክንዷ እንደ ወንድ። ማማ ነበር የምንላት። ሰሃን የሚያመላልሰው ደግሞ ኖርዌጂያን ተማሪ ነው። ከቁመቱ የተነሣ በሩን ሳይገጭ ያለፈበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለሰው ምሳ ስናዘጋጅ እንውላለን፣ ለኛ ግን ምሳ የለም። ይታይህ! ማማ ታዲያ ሊጣል የተለየውን የጎመን ቅጠል እንደ ፀጉር አቅጥና ትከትፍና፣ ከድንች ጋር ቀቅላ፣ ቋሊማ ጣል አድርጋበት ለሠራተኛው ታቀርብ ነበር። ካልዶ ነበር የምትለው።

እኔ ያደግሁት አስመራ፣ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው። ጣሊያኑ የጋለ ራዲያተር ልነካ ስል "ካልዶ! ካልዶ!" እያለ እጄን በመፍቻ ይመታኝ ነበር። ስለዚህ "ካልዶማ ትኩስ ማለት ነው" አልኳት።

"ካልዶ ሾርባ ነው! ቢቀዘቅዝም ካልዶ ነው!" ብላ ጮኸችብኝ።

ተማሪው ይሄኔ ሳቀ። "እኛ አገር ካልድ ብለን እንጽፍና ካል ብለን እንጠራዋለን። ቀዝቃዛ ማለት ነው።"

"የማትጠሩትን ፊደል ለምን ትጽፉታላችሁ?" አልኩት።

"ክረምታችን ረጅም ነው፣ ሌላ ሥራ የለንም" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ምሳ በመጣ ቁጥር "ማማ፣ ዛሬ ካልድሽ ሞቋል?" ይላታል፤ እሷም የጎመን ግንድ ትወረውርበታለች። የምንስቀው ያኔ ብቻ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። "ቋሊማ አለበት፣ አልበላም" አልኳት። "ጾም ነው? እኛስ ክርስቲያን አይደለንም?" ብላ ተቆጣችኝ። በማግስቱ ግን ቋሊማ የሌለበት፣ በዘይት ብቻ የተሠራ፣ ለኔ ለብቻዬ በትንሽ ድስት ይዛልኝ መጣች። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስ" አልኳት፤ እነሱ ሦስት ሰዓት የሚሉት ነው። ማንኪያውን አፌ ላይ እንደ ጦር ደግና ቆመች።

"አንተ በቅሎ ነህ!"

ሰደበችኝ እንጂ ሾርባውን አልደፋችውም። በሰሃን ከድና ምድጃው ጥግ፣ ትንሽ እሳት ላይ ጣደችው። ዘጠኝ ሲሞላ አውጥታ "ብላ፣ በቅሎ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጾሙን ሙሉ እንደዚያው ሆነ። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ የምበላበትን ሰዓት ያሰበልኝ ሰው እሷ ነበረች።

ማናጀሩ ምሳ ካለቀ ጋዝ ይዘጋ የሚል ደንብ ነበረው። ደንቡን አልጠላሁትም፤ እሳት እሳት ነው። ግን ለራሱ ሻይ ሲሆን ጋዙን ያስለኩስ ነበር። አንድ ቀን የኔን ድስት አየና "ሁለተኛ ባገኝ ሥራ የለሽም" አላት።

"ማማ፣ ተዪው፣ ቀዝቃዛውን እበላለሁ" ብላት "ቀዝቃዛ ካልዶ ለውሻ ነው" አለችኝ። ያኔ ቢቀዘቅዝም ካልዶ ነው ስትል የነበረችው ሴትዮ!

መጋቢት ውስጥ ማናጀሩ ሳይታሰብ ወረደ። ምሳ አብቅቷል፣ ድስቷ ጥግ ላይ ቀስ እያለች ትንተከተካለች።

"የማን ነው?"

"የኔ" አለች ማማ።

"ውሸቷን ነው፣ የኔ ነው" አልኩ እኔ፣ እጄን ከማጠቢያው ሳላወጣ።

ተማሪው ደግሞ "ጌታዬ፣ ትንሽ ሾርባ እኮ ናት" አለ። ማናጀሩ እሱን በለሰለሰ ድምፅ "አንተ ወደ ሥራህ" አለው። ድስቱን አንሥቶ መጣና ማጠቢያዬ ውስጥ ገለበጠው። እጄ ውስጡ እያለ! ጎመኑ በሳሙናው አረፋ ላይ ተንሳፈፈ። ማቃጠሉ አልነበረም ያናደደኝ። ሰው ጾሙን የሚፈታበትን እህል፣ ባለቤቱ እያየ፣ እጣቢ ውስጥ ይደፋሉ? ዛሬም ትዝ ሲለኝ ጥርሴ ይፋጫል። ከዚያ ወደሷ ዞረና "ነግሬሽ ነበር፣ ኮትሽን ያዢ" አላት። ማማ አልለመነችውም። ቢላዋዋን አጥባ፣ አድርቃ፣ ቦታው አስቀመጠችው።

እኔም ሽርጤን ፈትቼ ያንኑ ውኃ ውስጥ ወረወርኩት። የማውቀውን ስድብ ሁሉ በጣሊያንኛም በአማርኛም አወረድኩበት። እንግሊዝኛው አልበቃኝም።

አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስንደርስ ቁጣዋ በኔ ላይ ዞረ። "ሞኝ! አንተን ማን አባረረህ? ነገ ምን ልትበላ ነው?" አለችኝ። እኔ ኋላ ሃርልስደን ሌላ ሥራ አገኘሁ። እሷ አገሯ ገባች አሉ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አላየኋትም።

የዚያን ቀን ግን ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ያብረቀርቅ ነበር። ከቦርሳዋ ዳቦ አወጣች። "ውኃና ዱቄት ብቻ ነው፣ ራሴ ነኝ የጋገርኩት" ብላ ቆርሳ ዘረጋችልኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ገና ነው። የሰው ልጅ እንዲህ ባለ ቀን እንኳ በቅሎ ይሆናል? ሆንኩ። እጇን መለሰች።

አውቶቡሷ መጣ።

"ሂጂ ማማ፣ በርዶሻል። አንቺ ብዪ" አልኳት።

"ዝም በል" አለችኝ።

ሾፌሩን በእጇ ሂድ አለችው። በሩ ተዘጋ። ሌላም መጣ፣ እሱንም አሳለፈችው። ዳቦውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እሷም ሳትቀምሰው፣ ከኔ ጋር ሰዓቱን ጠበቀች።