ዝቋላ፣ በእናቴ እግር

ዝቋላ በእግሬ መሄዴን የሰማ ሁሉ ስለ በረከቱ ይጠይቀኛል። እውነቱን ለመናገር እኔ የሄድኩት ለበረከት አልነበረም። እናቴ መንገድ ላይ ወድቃ እንዳትቀር ብዬ ነው።

በዚያ ዓመት በጋ ላይ ማጅራት ገትር ያዘኝና ሆስፒታል ተኛሁ። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ እናቴ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ፣ «አቦዬ፣ ልጄን አትርፍልኝ፤ በእግሬ ደጅህ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። ልደታ ማርያም እኮ ደጃችን ናት፤ በየማለዳው የምትቀሰቅሰን የእሷ ደወል ነች። እናቴ ግን እሷን ትታ ለሩቁ አቦ ተሳለች። አጠገብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ይኸው ነው። እኔ ዳንኩ። የእናቴ ጉልበት ግን ሪህ ይዞት ከጌጃ ሰፈር ልደታ ለመድረስ እንኳ መንገድ ላይ ተቀምጣ ማረፍ ጀመረች።

የንስሐ አባቷ፣ «እግዚአብሔር ልብሽን ያያል፤ በአውቶቡስ ሂጂ» አሏት።

«አባቴ ይፍቱኝ፤ እኔ ግን አቦን በአውቶቡስ እመጣለሁ አላልኩትም» አለች።

ሳቅኩባት። እሷ ግን የምሯን ነበር። ቃሏን ካጎደለች አቦ እኔን መልሶ የሚወስድባት ይመስላታል። ይህን ፍርሃቷን ሳውቅ መሳቁን ተውኩና ሸራ ጫማ ገዛሁ።

ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ከወሎ የመጡ ሙስሊም ናቸው፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በርበሬና ቅመም ይነግዳሉ። እትዬ ነው የምላቸው። እናቴ ሆስፒታል ከእኔ ጋር ስትሰነብት ምሳ እያመላለሱ አብረዋት ወለል ላይ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። መነሻችን ሲደርስ እሳቸውም ሱቃቸውን ለእህታቸው ትተው ስንቅ ሲቋጥሩ አየሁ።

«እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ዝቋላ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«እናትሽን እንዲህ እያነከሰች ሰድጄ በርበሬ ልመዝን? አብሽሪ፤ አየር ልቀበል ነው።»

ለመጋቢቱ አቦ ንግሥ እንድንደርስ ማለዳ ተነስተን በሜክሲኮ፣ በቄራ፣ በሳሪስ አድርገን ቃሊቲ ስንደርስ ፀሐዩ ከረረ። የከባድ መኪናው ጭስ ለጉድ ነው። አንዱ ወያላ ከሚኒባሱ አንገቱን አውጥቶ፣ «እማማ፣ ግቡ! በነፃ ነው!» ሲል ዘልዬ ልገባ ትንሽ ቀረኝ። እናቴ፣ «አቦ ይስጥህ ልጄ» ብላ መርቃው አለፈች። እንዲህ ያለ ግትር ሰው አይቼ አላውቅም። ደግሞ እኮራባት ነበር።

የበለጠ የገረሙኝ ግን እትዬ ናቸው። ወቅቱ ሁዳዴ ስለነበር በሶውን በውሃ በጥብጠው እንደ እኛው ጠጡ፤ የፍስክ ምግብ ይዘው አልመጡም። እሳቸው ጥግ ፈልገው ሲሰግዱ ደግሞ እናቴ ጃንጥላዋን ትዘረጋላቸዋለች። ማንም ማንን አላስፈቀደም፤ ለዓመታት ሲያደርጉት የኖሩት ይመስል ነበር። ዱከም አንዲት ሴት የዝቋላ መንገደኞች መሆናችንን ስታይ እግራችንን አጥባ አሳደረችን። እትዬ የኑግ ዘይት ለምነው የእናቴን ጉልበት ሲያሹላት፣ እናቴ ሕመሟን ረስታ ስለ ሰፈር ሐሜት ታወራ ነበር። ከደብረ ዘይት ወዲያ ያለውን አቧራ በሁለት ሰው ትከሻ ተደግፋ ጨረሰችው።

ተራራው ሥር ስንደርስ ግን ጉልበቷ አብጦ አልታጠፍ አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሽቅብ አየችው። በቅሎ የሚያከራዩት ሰዎች ከበቡን፤ እሷ ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

«አልሞላልኝም። ልጄን ቢወስድብኝስ?»

ደህና ነኝ፣ ይኸው ቆሜያለሁ ብላት አትሰማኝም። እትዬ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«እንግዲህ ልንገርሽ። ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ አንቺ ስትሳይ ከጎንሽ ነበርኩ። ብቻሽን የተሳልሽ መስሎሻል? እኔም በእግሬ ብያለሁ። ወላሂ፣ ብያለሁ! አንቺ የቻልሽውን መጥተሻል፤ ቀሪውን የእኔ እግር ይሞላልሻል። ልጅቷ እንደሆነች ያው አንድ ናት። በይ፣ በቅሎው ላይ ውጪ!»

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ አነሳች። «እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርሽማ ይኼኔ ቤት ቆይልኝ፣ እኔ ልሂድልሽ ያልኩሽ ይመስልሽ ነበር። አውቅሻለሁ።»

እናቴ እያለቀሰች ሳቀች፤ ከዚያ ምንም ሳትከራከር በቅሎው ላይ ወጣች። ስትሸነፍ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከፊት ፊት ይወጡ ጀመር። ዳገቱ የእኔን ትንፋሽ ቆራረጠው፤ እሳቸው አንድም ጊዜ ልረፍ አላሉም። እንደዚያ ሆኖ መውደድ እንዳለ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ስለት የሚቀበሉ አንድ አዛውንት ነበሩ። እናቴ ከበቅሎው ወርዳ ጧፏን ስታወጣ፣ እትዬም ከጉያቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ጧፍ አወጡና በላዩ ላይ ጨመሩበት።

አዛውንቱ የእናቴን ነጠላና የእትዬን ሻሽ አፈራርቀው አዩ። «ስለቱ የማናችሁ ነው?»

«የሁለታችን ነው» አለች እናቴ።

«ለማን ተሳላችሁ?»

እኔ ከኋላቸው ቆሜ የሸራ ጫማዬን አቧራ አራግፋለሁ። ሁለቱም እኩል ዞሩና ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።