ዳማ መንገዱን በቃሉ ያወቀ ጊዜ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ሰናይት ትንሿን ልጇን ማክዳን ይዛ ቀራንዮ ቤቴ መጣች። ገና ሳትቀመጥ፣ "እቴቴ፣ መምህሯ ደብል ትምታ፣ ሁለተኛን ዘላ ሦስተኛ ትግባ ይላሉ። ምን ትያለሽ?" አለችኝ። ማክዳ መጽሐፏን ከፍታ እንደ ውኃ አንበለበለችው። ዓይኗ ግን መስኮቱ ላይ ነበር። እኔም የልጅነት ፈረሴ ዳማ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከቀራንዮ ወዲያ በነበረ የፈረስ ክለብ ፈረስ ጠባቂ ነበር። በእሱ በኩል ገብቼ ነው መጋለብ የለመድኩት። የደረሰኝ ፈረስ ዳማ፣ ቀድሞ ኮልፌ ገበያ ጋሪ ይጎትት የነበረ ነው። የምንወዳደረው ድሬሳዥ በሚሉት ነው፤ እሽቅድምድም አይደለም፣ ዝላይም አይደለም። ፈረሱ በታጠረ ሜዳ ውስጥ በተሰጠው ቅደም ተከተል ይራመዳል፣ ይሶመሶማል፣ ይዞራል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዳኛ ነጥብ ይሰጣል። እናቴ፣ "ደግሞ ፈረስ ሰልፍ ታስተምሪ ጀመር?" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ውድድሩ ከቀላል ወደ ከባድ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ በአንደኛው ደረጃ የሚደርስብን ጠፋ። የልጓሙን ዛብ ሳልነካው ዳማ ራሱ ይታጠፋል፤ እኔም ሐሳቤን ያውቃል ብዬ እኮራለሁ። በዚህ መሀል ክለቡ ፈረስ በዝቶብኛል፣ ሁለተኛ ደረጃ ያልገባ ይሸጣል አለ። የዳማ ገዢ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ያው የድሮ ባለጋሪው። ምዝገባው ቅዳሜ ያበቃል።

"ለሁለተኛው ደረጃ ደርሰናል እንዴ ጋሽ ተካ?" አልኳቸው አሰልጣኜን።

"ኮርቻው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ? አንቺው ንገሪኝ እንጂ!"

ለበቆሎ እሸት የምሞተዋ እኔ፣ ጥብሱ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ዓርብ ጠዋት የክረምቱ ዝናብ የሜዳውን አንድ ጥግ ኩሬ አድርጎት ስለነበር በሌላ በኩል ልዞር ዳማን ወደ ግራ ሳብኩት። እሱ እቴ! ወደ ቀኝ ጎትቶኝ ውኃው መሀል ገባና፣ ሁልጊዜ ከሚቆምበት ቦታ ላይ ደረቱን ነፍቶ ቀጥ አለ። ልክ በጋሪው ዘመን በየፌርማታው ሳይነገረው እንደሚቆመው። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ግን ገባኝ። ለካ ዳማ እኔን ሲሰማ አልኖረም፤ መንገዱን በቃሉ ይዞታል። ሁለተኛው ደረጃ አዲስ መንገድ ነው፤ ባስገባው አፉን በልጓም እየጎተትኩ ላሰቃየው ነው። ባላስገባው ጋሪ።

"አልደረሰም" አልኩ ለጋሽ ተካ።

"እሱ ነው ወይስ አንቺ?"

"ሁለታችንም። ግን እንዳይሸጡት፣ በሞቴ!"

ኮፍያቸውን አውልቀው ዝናቡን ጨመቁት። "በዚህ ዕድሜዬ ለማኝ አደረግሽኝ እኮ!" አሉና ወደ ቢሮው ሄዱ። ለምነው እስከ መስቀል ጊዜ አገኙልን።

ያን ክረምት በጭቃው እየተንሸራተትኩ ተመላለስኩ። በየቀኑ መንገድ እንቀያይርበታለን። ዳማ ተናደደ፣ ጭራውን አማታ፣ ደግሞ ግራ ገብቶት ይገተራል። ጎኑን ልመታው ተረከዜን ሳነሳ ጋሽ ተካ ከአጥሩ ይጮኻሉ፦ "ተይው! ዝም ያለው ሊሰማሽ ነው!" እኔ ግን በየምሽቱ የባለጋሪው ጅራፍ ነበር የሚሰማኝ።

አደይ አበባ አጥሩን በከበበበት አንድ ጠዋት ዳማ ጥጉ ጋ ደረሰና አልታጠፈም። አንድ ጆሮውን ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ መልሶ ጠበቀ። ወዴት? እንደ ማለት። አንገቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በዚያው ዕለት ተመዘገብን። በውድድሩ ከኋላ ብንቆጠር ይቀል ነበር፤ ዳማ ግን ወደ ጋሪው አልተመለሰም።

እና እሑድ ዕለት የማክዳን መጽሐፍ ተቀበልኳትና ገና ያልተማሩትን ገጽ ከፈትኩላት። ልጅቷ ዝም አለች። የሰናይት ፊት ጠቆረ። "በቃ፣ አልቻለችም! አሳፈረችኝ!"

የማክዳ ዓይን ግን ከመስኮቱ ወርዶ ገጹ ላይ አረፈ። ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረገች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"ተያት ልጄ፣ አትቸኩዪባት" አልኳት እናትየዋን። "አሁን ገና ማንበብ ልትጀምር ነው።"