ለድምፅ ሰብሳቢው የወረደ ሙሾ

ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ከፍቼ ቁርሴን ስበላ ዜና አንባቢዋ የአንድ ቀበሌ ስም ጠርታ «በርካታ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ» አለችና ትንፋሽ እንኳን ሳትወስድ ወደ ስፖርት ተሻገረች። በሶዬን ገፋ አድርጌ ተነሣሁና ሬዲዮውን ዘጋሁት።

«እማማ፣ ምን ሆንሽ?» አለች የልጅ ልጄ መክሊት።

«በርካታ የሚባል ሰው አላውቅም» አልኋት። ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ ነበርሁ። እኔ የማውቀው ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚል ልጅ ነው። ከተቆጣሁ ደግሞ ቁጣዬ ቶሎ አይበርድም፤ ይኸው እስከ አሁን አልበረደም። እዚህ ዳባት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ የማስበውም ይህን ነገር ያስተማረኝን ሰው ነው።

ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ዓመት ገደማ ሲቀራቸው እኔ ደባርቅ አዲስ መምህርት ነበርሁ። የዳባት ልጅ ነኝና ብርድ አይበግረኝም ብዬ እመካ ነበር፤ የደባርቅ ነፋስ ግን በጋቢ ላይ ጋቢ አስደረበኝ። ያ ሰው፣ ጋሽ አስናቀ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው በዚያ ዓመት፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ ነው። የድምፅ መሐንዲስ ነበር። ሥራው የየአገሩን ዘፈን፣ ዜማና ፉከራ በቴፕ እየቀረጸ ለሬዲዮ ማቅረብ ነው፤ ከተማው ግን «ድምፅ ሰብሳቢው» የሚል ስም አወጣለት። ዲሬክተራችን «አገሩን ታውቂዋለሽ፣ አዙሪው» ብለው ለእሱ ሰጡኝ።

ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። ማሽኑን በቆዳ ማንገቻ ትከሻው ላይ አንግቶ ዳገቱን ሲወጣ ከኔ ይፈጥናል። መቅዳት ያስተማረኝ በቃል አልነበረም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እያሳየኝ ሠራና ከዚያ እጁን ከማሽኑ ላይ አንሥቶ «በይ» አለኝ። በዚያው ተማርሁ። አንዳንዴ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ማይክራፎኑን ደግኖ ዝም ይላል። የቦታውን ዝምታ ነው የምቀዳው ሲል ገበሬዎቹ «ምስኪን፣ ደኅና ሰው ነበር እኮ» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጡለታል። ሴት ልጅ ከወንድ ጋር መሣሪያ ተሸክማ ስትዞር ከተማው እኔንም አልማረኝም። ወደድሽው ወይ ብትሉኝ፣ አከበርሁት። አክብሮት ከፍቅር ያነሰ የሚመስለው ሰው ካለ አልከራከረውም።

አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ እመት ውዴ የሚባሉ አልቃሽ ዘንድ ወሰድሁት። በዚያ አገር ያለ እመት ውዴ ለቅሶ ለቅሶ አይባልም። ጠላ ቀድተው፣ የገብስ ቆሎ አቅርበው፣ ደስ ብሏቸው ተቀበሉን።

«እመት ውዴ፣ እንደው ትንሽ ሙሾ ቢያወርዱልን ብዬ ነበር የመጣሁት» አላቸው።

«ውይ በሞትሁት! ማን ሙቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። በዚህ ለመቅረጽ ነው።»

እመት ውዴ ማሽኑን አዩት፣ እሱን አዩት፣ በመጨረሻ አገሬን ያዋረድሁ ይመስል እኔን አዩኝ። «ሰው ሳይሞት ሙሾ? አንተ ልጅ፣ ሟርት ልታስጠራኝ ነው? ዘፈን ከፈለግህ ዘፋኝ ሞልቷል። እኔ ሬሳ ሳላይ አፌን አልከፍትም!»

እኔ አፈርሁ። እሱ ግን በመንገድ ላይ «ልክ ናቸው» እያለ ሲስቅ ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ በሊማሊሞ ዳገት ሰዎች መውጣት ጀመሩ። ከተከዜ ማዶ ዝናብ ከቀረ ሁለት ክረምት ሆኖት ኖሯል። መጀመሪያ ወንዶች ብቻ መጥተው ለአጨዳ ወደ ዳባት አለፉ። ኋላ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ተከተሉ። እነዚህ ግን አላለፉም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀመጡ። እኛ ጋ ገብሱ ደርሶ፣ ማሳው ቢጫ ሆኖ፣ ነፋሱ እሸት እሸት ይሸት ነበር። በሬዲዮ ዘፈን ይሰማል፤ ስለነዚህ ሰዎች ግን አንድ ቃል የለም። እሸት እየጠበስሁ መብላት ያቆምሁት ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም አልበላም።

ከዚያ ይሞቱ ጀመር። ተስቦ አለባቸው ስለተባለ ከተማው ፈራ። ካህናቱ ብቻ ፈትተው ይቀብሯቸዋል። የሚያለቅስ የለም፤ የሟች ዘመድ ቢኖርም ለማልቀስ የሚበቃ ጉልበት አልነበረውም። ጋሽ አስናቀ በየቀኑ ሄዶ አጠገባቸው ይቀመጣል። እኔም ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሄድ ነበር። አንድ ሽማግሌ የሞቱ ዕለት ጋሽ አስናቀ ተነሣና ብቻውን ወደ እመት ውዴ ቤት ሄደ። እኔም ሮጬ ደረስሁበት።

«አሁንስ ሬሳ አለ» አላቸው።

«የማን ልጅ?»

«አላውቅም።»

«ስሙን ሳላውቅ ማን ብዬ ላልቅሰው?»

«መጥተው ይጠይቋቸዋ» አለ።

 እመት ውዴ ነጠላቸውን ከወገባቸው አስረው ቀድመውን ወጡ። ከቅጥሩ ሥር ሲደርሱ ሰዎቹን አንድ ጊዜ ቃኝተው እንዲህ ሲሉ ጀመሩ፤

ስሙን ጠይቁልኝ ያገሩን ሰው አጥቶ፣
ማን ብዬ ላልቅሰው ከሰው ደጅ ተኝቶ።

ከዚያ በሕይወት ወዳሉት እየዞሩ «ስሙ ማነው? አባቱስ? አገሩስ ወዴት ነው?» ይሉ ጀመር። የተነገራቸውን ስም ወዲያው ግጥም ውስጥ አስገብተው ያለቅሱታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው በሞተ ቁጥር መጡ፤ አስቀድመው የተቀበሩትንም ሳይቀር አለቀሷቸው። ጋሽ አስናቀ ይቀዳል፣ ማይክራፎኑን የያዝሁት እኔ ነኝ። ደግሞ ያላሰብነው ነገር መጣ። ለቅሶ የሰማ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ ወጉ አይፈቅድለትማ። ለለማኝ እጃቸው ያጠረ የደባርቅ ሴቶች ለሐዘንተኛ ንፍሮ ቀቅለው፣ መሶብ ተሸክመው መጡ። ብዙ ሰው ያተረፈ ሙሾ ነው ብል አላጋነንሁም።

ወሬው ሲዛመት አንድ ሹም መጣ። «አገር ሰላም ነው። የምን ሙሾ ነው? ለሬዲዮ የሚሆን የሠርግ ዘፈን ቅዳ» አለው።

«የሠርግ ዘፈን ሠርግ ሲኖር እቀዳለሁ» አለ ጋሽ አስናቀ።

ሐሳቡ ቴፖቹን ይዞ ሄዶ ስሞቹን በሬዲዮ ማሰማት ነበር። ለሥራ የተበተኑት ዘመዶች ሰምተው መርዷቸውን ይወቁ፣ ተዝካር ያውጡ፣ የተረፈ ልጅ ካላቸው ይምጡና ያንሡ ነበር የሚለው። መኪና ሲጠብቅ ተስቦ ያዘው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ትኩሳቱ ፋታ በሰጠው ጊዜ ጠራኝና «ሬዲዮው ካላሰማው አንቺ አሰሚው» አለኝ። እሺ አልሁ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሞተ፤ እንደ ልጅ ጮኼ አለቀስሁ።

በለቅሶው ሜዳ የሟች ዕቃ ይቀመጣል። የጀግና ጠመንጃው፣ የገበሬ ሞፈሩ። እኛ ኮቱን፣ የጆሮ ማዳመጫውንና ማሽኑን በርጩማ ላይ ነጠላ አንጥፈን አስቀመጥን። እመት ውዴ ወደ እኔ ዞረው «የእናቱ ስም ማነው?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። የሁሉን ስም ሲያስጠይቅ የከረመውን ሰው ማናችንም የእናቱን ስም አልጠየቅነውም። ያ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እመት ውዴ ግን አላፈሩብኝም፤ እንዲህ ሲሉ አወረዱ፤

የሰው ድምፅ ሰብሳቢ ካገር ላገር ዞሮ፣
ደባርቅ ላይ ተኛ ጆሮውን አበድሮ።

እያለቀስሁ ማሽኑን ከፍቼ ቀዳሁት። እስኪያበቁ ማይክራፎኑን አላወረድሁም፤ እንዲያ አድርጎ ነው ያስተማረኝ።

ሹሙ ለቅሶው መሐል ደረሰ። «ማሽኑም ቴፑም የመንግሥት ንብረት ነው፣ አምጡ» አለ። ከተወሰደ ስሞቹ አብረው እንደሚቀሩ ገባኝና ከበርጩማው ፊት ቆምሁ። የደብሩ መሪጌታ ረጋ ብለው «የሟች ዕቃ ሠልስቱ ሳይወጣ ከለቅሶ አይነሣም። ይህን እርስዎም ያውቃሉ» አሉት። ሕዝቡ አጉረመረመ። ሹሙ ዙሪያውን አየና «በሠልስቱ ማታ እወስዳለሁ» ብሎ ሄደ።

ማግስቱ የዳባት ገበያ ነው። ከተከዜ ማዶ የመጡት አጫጆች ቀጣሪ የሚጠብቁት እዚያ ነው። ማሽኑን ይዤ ልሂድ ስል መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከለቅሶ አይነሣም ብዬ በሰው ፊት ተናግሬ?»

«እኔ አብሬያት እሄዳለሁ» አሉ እመት ውዴ። «አልቃሿ ካለችበት ለቅሶው አለ።»

መሪጌታ ባረኩን። በማለዳ ገብስ የጫነ መኪና ላይ ወጣን። በአንድ ሌሊት ያረጁ የሚመስሉት እመት ውዴ ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ መኪናው በነጠረ ቁጥር ሾፌሩን እየረገሙ፣ ማሽኑን በሁለት እጃቸው አቅፈው ዳባት ገባን።

ከእህል ተራው አጠገብ ዕቃ መጫኛ ሣጥን ላይ አስቀምጬ ከፈትሁት። መጀመሪያ ልጆች ከበቡን፣ ቀጥሎ ሸማቾች። አጫጆቹ ከኋላ ቆመው ይሰሙ ነበር። ስሞቹ አንድ በአንድ አለፉ። አንድ ረጅም ጎልማሳ ሰዎቹን እየገፋ ወደ ፊት መጣ፤ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ያቺን መልሺልኝ» አለ።

መለስሁለት። ትርሐስ፣ የገብረ ሕይወት ልጅ።

«እናቴ ናት» አለ። «ደኅና ናት ብዬ እህል እየቋጠርሁላት ነበር።»

ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። እመት ውዴ ከተቀመጡበት ተነሥተው ፊቱ ቆሙና ከቴፑ ጋር አብረው ለእሱ ያወርዱለት ጀመር። ያን ጊዜ ነው የጮኸው። ገበያው ክርክሩን ተወ፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ዙሪያውን የቆመ ነጋዴ ብዙ ነው። ከዚያ አጫጆቹ በየተራ መጡ። «የአባቴ ስም አለ?» «እኅቴስ?» ያለውም የሌለውም ነበረ። የሌለው ደስ ይበለው ወይስ ይፍራ ሳያውቅ ይመለሳል። ከቀትር በኋላ የማሽኑ ባትሪ ድንጋይ ደከመና ድምፁ ይጎተት ጀመር። አንድ ባለሱቅ ዘፈን የሚያሰማውን የራሱን ሬዲዮ ፈታ፤ ድንጋዮቹን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ሲመሽ ማሽኑን ይዘን ደባርቅ ተመለስን፤ በሠልስቱ ማታ ሹሙ መጥቶ ማሽኑንም ቴፖቹንም ወሰደ። እኔ በወሩ ወደ ጠረፍ ትምህርት ቤት ተዛወርሁ። ቴፖቹ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በሬዲዮ ሲሰሙ የሰማ ሰውም አላገኘሁም። በዓመቱ ንጉሡ ወረዱ። ከዚያም ወዲህ ይህች አገር ያላየችው ለቅሶ የለም፤ ሌላ ረሃብ መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ያውም በደጃችን። በየጊዜው አንድ ሰው ተነሥቶ የሞቱትን በጅምላ ይነግረናል፣ እኛም በጅምላ ከንፈር እንመጣለን። ሐዘን ግን በጅምላ አይገባም። ገበያ መሐል ማጭዱን ያስቀመጠው ሰው የሰማው የእናቱን ስም ነው።

ይህን ሁሉ ለመክሊት ከነገርኋት በኋላ «አሁን ማን ይሰማሻል እማማ?» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ ደክሟታል፣ የእሷ ዘመን ልጆች ሁሉ ደክሟቸዋል። እኔ ግን አልደከመኝም። ስልኳን እንድታመጣ አዘዝኋትና ሰዎቹ ሞቱበት በተባለው ቀበሌ ለምታስተምር የቀድሞ ተማሪዬ አስደወልሁ። ድምፅ መቅጃውን ክፈቺው አልኋት፤ ከፈተችው።

ተማሪዬ ድምፄን ስትሰማ «እትዬ!» አለች። ለምን እንደደወልሁ ነገርኋት። የሞቱትን ሁሉ ከነአባታቸው፣ ከነሰፈራቸው እንድትነግረኝ ጠየቅኋት።

«የመጀመሪያው የወንድሜ ልጅ ነው» አለች።

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

«ስሙን ንገሪኝ» አልኋት። «አልቸኩልም።»