አባት ያጣ ውኃ

ደረቅ አፈር ውኃ ሲነካው የሚሸተውን ሽታ ሌላው ሰው ይወደዋል፤ እኔ ግን አልወደውም። ትናንት ከሰፈራችን ቦኖ የፈሰሰው ውኃ አቧራውን አርሶ ያ ሽታ በበሩ ሲገባ፣ ወጥ እያማሰልሁ እጄ ቀጥ አለ።

ያደግሁት ከእንፍራንዝ በላይ፣ ነጭ ሽንኩርት ከሚበቅልበት አገር ነው። ያለን አንድ ወንዝ፣ አንድ ቦይ ነበር። ቦዩ የውኃ አባት ነበረው፤ ተራ የሚያዳርስ፣ አገሩ የመረጠው ሽማግሌ። አያ ነበር የምንላቸው። የወይራ ዱላቸውን ከማሳህ አፍ ላይ ከተከሉ ውኃው ያንተ ነው፤ ዱላውን የሚነካ የለም። እናቴ "ያን ዱላ እኮ አህያም ያውቀዋል" ትል ነበር። የራሳቸውን መደብ የሚያጠጡት ከሁሉ ኋላ ነው፤ ስለዚህ የአገሩ ቀጭን ሽንኩርት የሳቸው ነበር። ቦይ ጠረጋ ሲሉ ግን ማንም አይቀርም፤ አባቴ እያጉረመረመም ቢሆን ዶማውን ይዞ ይወጣል።

አንድ በጋ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ከሾላው ሥር ስብሰባ ተደረገ። ከኛ በላይ የሚያርሰው ጎረቤታችን፣ ቀልደኛ ነው፣ ተነሣና "እኛ ጡት አልጣልንም እንዴ? ለውኃ ምን አባት ያስፈልገዋል? ለሳቸው የምንሰጠው ጉንጉን ሽንኩርት ከየቤታችን ይቅር" አለ። ሰው ሣቀ። አባቴም ሣቀ። የተስማማ እጁን ያንሣ ሲባል አነሣ።

አያ አልተቆጡም። "ሸጋ" አሉና ዱላቸውን ከመሬት ነቅለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ ሁሉም ባሻው ሰዓት ያጠጣል። ቦዩን የሚጠርግ ግን ጠፋ፤ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ደለል ሞላው። ከላይ ያለው ገደበ፣ ከታች ያለው ጠማው። የኛ ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ ሆነ። አባቴ ዶማውን በድንጋይ ሲስል የሚሰማው ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

አንድ ረፋድ ወደ ላይ ወጣ። እናቴ ፈርታ እኔን አስከተለችው። ጎረቤታችን ቦዩን በሣርና በጭቃ ደፍኖ ቆሟል።

"ምነው ወንድሜ፣ ምን ጎደለህ?" አለው አባቴን።

"ውኃ።"

"ውኃማ የእግዜር ነው።"

"የእግዜር ከሆነ ምነው አንተ ዘንድ ቀረ?"

አባቴ ግድቡን ሊያፈርስ ጎንበስ ሲል እኔ ወደ አያ ሮጥሁ። ፀሐይ እየሞቁ ነበር። "አያ፣ ይድረሱልን!" ስላቸው፣ "አንች ልጅ፣ እኔን ማን ይሰማኛል? ሽረውኛል እኮ" አሉ። እንዲያ እያሉም ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፤ በሳቸው እርምጃ ቀስ እያልን ወጣን።

ስንደርስ አባቴ የተመታ ክንዱን ይዞ ቦዩ ውስጥ ተቀምጧል። ግድቡ ፈርሷል፤ ውኃው በደም ቀልቶ ወደ ማሳችን ይወርዳል። ጎረቤታችን ከገዛ እጁ የወደቀውን ዶማ እያየ ያለቅሳል። አያ ዱላቸውን በመካከላቸው ተከሉ። ያን ቀን ሽንኩርታችን ጠግቦ ጠጣ። አባቴ ተረፈ፤ ያች ከሾላው ሥር ያነሣት እጁ ግን ዳግም አልተነሣችም።

ዛሬ እዚህ ጎንደር፣ የሰፈራችን ቀበሌ በሩ ከተዘጋ ሰንብቷል። ቦኖውን የምትጠብቀው ሴትዮም ቀረች። "ተገላገልን፣ አፏ አያርፍም ነበር" ተባለ፤ ተሣቀ። አሁን ውኃ ስትመጣ ጉልበት ያለው ይቀዳል። የተኩስ ድምፅ ሲሰማ የሰነበተ ሰው ሁሉ ዓይኑ ቀልቷል። ትናንት ልጄን ጀሪካን አስይዤ ልኬያት ነበር። ያ ሽታ ሲገባ ጩኸትም አብሮ ገባ።

ማማሰያዬን እንደያዝሁ መውጣቴን እንኳ ያወቅሁት ቦኖው ጋ ስደርስ ነው። ሁለት ጎረምሶች ይጓተታሉ፤ አንደኛው ድንጋይ ጨብጧል። ልጄ ከመካከላቸው ናት። ማማሰያውን ጭቃው ላይ ተከልሁና "ተራ!" አልሁ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ።

"እናት፣ አንቺን ደግሞ ማን ሾመሽ?" አለ ድንጋይ የጨበጠው። ሰው ሣቀ። ያን ሣቅ አውቀዋለሁ፤ ከሾላው ሥር ሰምቼዋለሁ።

ልጄን አየኋት። ጀሪካኗ ቧንቧው ሥር ተቀምጧል።

"አንቺ ወደ ኋላ" አልኋት።

"እማ፣ ደርሶኝ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። ከሁሉ ኋላ።"

ድንጋዩ ገና ከጎረምሳው እጅ አልወረደም። ልጄ ባዶ ጀሪካኗን አንሥታ ሄዳ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ቆመች። ከሩቅ ሳያት እንደ አያ ሽንኩርት ቀጭን ሆና ታየችኝ።