ዘይነባን ሳትንገጫገጭ ደብረ ብርሃን ማድረስ

ንጋት፣ ማጀቴ

ወፍ ሲንጫጫ ተነሣን። ልጄ ዘይነባ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ ትናንት ደም አየች። የጤና ጣቢያው ሰው «ሆስፒታል ትድረስ፤ ግን አትንገጫገጭ» አለኝ። የማጀቴን መንገድ የሚያውቅ ይፍረደኝ! ለመንግሥት ሥራ መጥተው የነበሩት ሾፌር፣ ጋሼ ተፈራ፣ በአሮጌ ላንድሮቨራቸው ሊወስዱን እሺ አሉ። ከኋላ ፍራሽ አነጠፍኩላት። እኔ መኪና ስሳፈር ገና ሁለተኛዬ ነው፤ ልቤ ቢፈራም ዓይኔ አላርፍ ብሎ መሪውንም ማርሹንም ያያል።

ረፋድ፣ ሸዋ ሮቢት

ካራ ቆሬ ላይ አስፋልት ስንገባ ይሻላል ብዬ ነበር። ባሰ። ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር የመኪናው ኋላ ይነጥራል፤ ዘይነባ ከንፈሯን ትነክሳለች። ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ፊት ይለበልባል፤ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ፓፓያ ተከምሯል። ፍራሹን ማንጎ ዛፍ ሥር አወረድንላት። ሙሄ የሚባል የጋራዥ መካኒክ ከመኪናው ሥር ገብቶ ወጣ።

«የኋላ ቀኙ ሾክ አብዞርበር ዘይቱን አፍስሶ ጨርሷል።»

«እሱ ደሞ ምንድነው?» አልኩት።

የመኪናውን ጀርባ ተጭኖ ለቀቀው። ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ። «ይኸውልዎት እትዬ፤ ባሌስትራው፣ ይህ ተደራራቢው ብረት፣ ያነጥራል፤ በቃ የሚለው ያ ሾክ አብዞርበሩ ነበር። አሁን በቃ ባይ የለም።»

ጋሼ ተፈራ ተጣደፉ። «ሁለት ጆንያ አሸዋ እንጫንበት፤ ከከበደ አይነጥርም። ሳይመሽ እንሂድ!»

«ጣርማ በር አቀበት ላይ አሸዋው ያስለቅስዎታል» ብሎ ሳቀ ሙሄ።

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ብንቆይ ደሙ ቢመለስስ? ብንሄድ ንጥረቱስ? ሄጄ በገዛ እጄ ተጫንኩት። ሲወዛወዝ ልጄ እላዩ ላይ ሆና ታየችኝ።

«ቀይርልኝ» አልኩ።

ግቢው ውስጥ ከቆመች የሞተች ላንድሮቨር ሁለት ሾክ አብዞርበር ፈታ። አንዱን «ሳብ ገፋ ያድርጉት» ብሎ ሰጠኝ፤ ወፍራም ገንፎ እንደ ማማሰል ይከብዳል። «ደግ ነው» አለ። ሁለተኛው ልል ሆነና ወርውሮት ከዚያችው ሌላ ፈታ።

«የፈሰሰው አንድ፤ ሁለት ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«አንዱን ብቻ ብቀይር እንደ አንካሳ በቅሎ ታነክሳለች።»

ዘይነባ ከማንጎው ሥር ሳቀች። ከትናንት ወዲህ ገና አሁን መሳቋ ነው።

ሲጨርስ «ይጫኑት» አለኝ። ወረደ፣ ወጣ፣ ቆመ። አልሐምዱሊላህ!

ከሰዓት፣ ጣርማ በር

ከደብረ ሲና በላይ ብርዱ መጣ፤ ጋቢ ደረብኩላት። ጉድጓዱን አሁን በጆሮዬ እንጂ በወገቤ አላውቀውም። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ያ ሁሉ ተራራ በላዬ! ቢስሚላህ አልኩ። «ጣሊያን ይህን በምን ቆፈረው?»

«በኛ ሰው ክንድ ነዋ፣ እትዬ ከድጃ» አሉ ጋሼ ተፈራ።

ዘይነባ እንቅልፍ ወስዷታል። ሆዷን ዳሰስኩ። ፅንሱ አይንቀሳቀስም። ጋቢውን መልሼ አለበስኳት።

አመሻሽ፣ ደብረ ብርሃን

ነርሷ እንደ መለከት ያለች ነገር ሆዷ ላይ አስቀምጣ ጆሮዋን ለጠፈች። ቦታ ለወጠች። እንደገና ለወጠች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ ይስሙት።»

አጎነበስኩ። ቱክ ቱክ ቱክ፣ የቸኮለ ነገር። «ምን እንዲህ ያጣድፈዋል?»

«ሆድ ውስጥ ያለ ሕፃን ልቡ ሁሌም እንዲያ ነው።»

ዘይነባ የምታየው ነርሷን አይደለም፤ የኔን ፊት ነው።

«አለ» አልኳት።